ሳያድር የወጣው ወረቀት

ክቡራትና ክቡራን፣ የክለባችን ባለቤት ጋሼ፣ አሰልጣኛችን፣ እናንተም ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፤

የመመገቢያ አዳራሹን ጠረጴዛዎች ገጥማችሁ፣ ከልምምድ መልስ ሻወር እንኳ በወጉ ሳትወስዱ እዚህ ለስንብቴ ለተሰበሰባችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የሚያፏጭ ማይክሮፎን ከሜዳ ድረስ ተሸክሞ ያመጣውንም አመሰግናለሁ፤ ባያመጣው ግን ይሻለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የሚናገርበትን ስጽፍ ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ እኔው ፊቱ ቆምኩ።

ማሊያውንም አይቻለሁ። ከጀርባው ስሜ አለ፤ ቁጥሩ ሃያ ሁለት። የማሊያ ኃላፊያችን «ልበሽውና ፎቶ እንነሳ» ሲለኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልናገር» ያልኩት ውፍረቴን ፈርቼ የመሰላችሁ አላችሁ። እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ግን ሌላም ነገር አለ። እደርስበታለሁ። ካልደረስኩ አስታውሱኝ፤ መንገድ ላይ የመቅረት አመል አለኝ።

በረኛችን ባለፈው ሳምንት «እትዬ፣ ሳይደብቁኝ ይንገሩኝ፤ እዚህ ቤት ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን አሰብኩበት። በሬ ላይ «ሕዝብ ግንኙነት» ይላል። ከሕዝብ ጋር ተገናኝቼ አላውቅም። የምገናኘው ከጋሼ ጋር ነበር።

ክፍሌን ታውቋታላችሁ፤ ከእጥበት ቤቱ ቀጥላ ያለችው። ግድግዳዋ በጋ ከክረምት ይሞቃል፣ የሳሙና ሽታ አይለቃትም። በመስኮቷ የሚታየው የሜዳው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ የእኛ የግራ መስመር ተከላካይ በሁለተኛው አጋማሽ የሚቆምበት። ጎል መግባቱን የማውቀው በጩኸት፣ መግባቱ ለማን እንደሆነ የማውቀው ደግሞ በጩኸቱ ዓይነት ነው።

ያኔ፣ በተሸነፍን ቁጥር ጋሼ ሳያንኳኩ ይገባሉ። አይቀመጡም።

«ጻፊ፣ አንቺ ልጅ!»

ዕድሜዬ ሃምሳን ሊነካ ሲል እንኳ ልጅ ነኝ። እጽፋለሁ።

«ያ አጥቂ እግር የተሰጠው ለመቆሚያ ነው። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ፣ ጋሼ።»

«አሰልጣኙም ዓይኑን ይመርመር። ጻፍሽ?»

«ዓይኑንም ጻፍኩ።»

«በይ አሁኑኑ ይውጣ!»

«ይደር፣ ጋሼ።»

ይህች «ይደር» የሁለታችን ሕግ ነበረች። ወረቀቱ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ጋሼ መጥተው ይቀመጣሉ፤ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፤ ያነባሉ። «ይህን እኔ ነኝ ያልኩት?» «እኔማ ስለ እግር ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?» ይስቃሉ። ቀዳደው ይጥሉታል። ያን ጊዜ እኔ ሌላውን ወረቀት አወጣለሁ፤ «ክለቡ በውጤቱ አዝኗል፣ በተጫዋቾቹ ግን ይተማመናል» የሚለውን። ጋሼ እሱን ሳያነቡ ይፈርማሉ።

ሳያነቡ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ተጫዋች ስሙን ከባለቤቱ አፍ፣ በአደባባይ፣ በክፉ ሲነሳ አልሰማም። ስንት ንዴት እዚያ መሳቢያ ውስጥ አድሮ በረደ! ሰው በሥራው ይኮራ የለ? እኔም በመሳቢያዬ እኮራ ነበር።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ።

የቆያችሁት ታስታውሱታላችሁ። ልጁን «ሰዓቱ» ያሉት አርፍዶ ስለማያውቅ ነው። የግራ መስመር ተከላካይ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። የእጥበት ቤቷ እመቤታችን «እሱ በበሩ ሲያልፍ ማሽኑን አስነሳለሁ» ትል ነበር። ስድስት ዓመት እዚህ ተጫውቷል። ስድስት ዓመት በመስኮቴ ያየሁት እሱን ነው። ክለቡን በሙሉ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ የማውቀው የዚያን ልጅ ጀርባ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የመጨረሻው ጨዋታ። አቻ ብንወጣ እንተርፋለን፣ ብንሸነፍ እንወርዳለን። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኳሷን ለበረኛው መለሳት፤ አጠረችበት።

ጎሉን አላየሁም። ስህተቱን ነው ያየሁት። ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው ይልቅ ለእሱ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ መስታወት ብቻ ነበር በመካከላችን። እግሩ ኳሷን ሲለቅና ፊቱ «ወይኔ» ሲል አይቻለሁ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። የእኛ ዓይነት አልነበረም።

ጋሼ የዚያን ቀን አንኳኩተው ገቡ። ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

«ምን ልጻፍ፣ ጋሼ?»

«የምለው የለኝም። አንቺ ጻፊ።»

በግድግዳው በኩል የእጥበት ቤቷ እመቤት ስታለቅስ ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ ጋዜጠኞች ገመዳቸውን እየጎተቱ ነው። እኔ ተናደድኩ። እኔ ማን ሆኜ? ኳስ ነክቼ አላውቅ! ግን ተናደድኩ፤ በሰው ንዴት አሥራ ሦስት ዓመት ስጽፍ የራሴ የት ይጠራቀም እንደነበር እንጃ። ጻፍኩ። በስሙ ጠርቼ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ሰውነቱ ማሊያችንን ለብሷል፤ ልቡ ግን ለብሶት አያውቅም።»

ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሲወጣልኝ ደስ አለኝ። መናደዴ አይደለም የሚያሳፍረኝ፤ ማን ያልተናደደ ነበር? ደስ መሰኘቴ ነው። «አማረልኝ» አልኩ በልቤ። ሌላ ሰው በሚያለቅስበት ግድግዳ ሥር ተቀምጬ።

ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠሁ። እሳቸው አንብበው «ይደር» ይላሉ ብዬ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ እጅ የወጣ ወረቀት ሁሉ ያደረ ነው፣ የበረደ ነው ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አሥራ ሦስት ዓመት ያስለመድኳቸው እሱን አይደል? ተነሱ። ወጡ። ወደ ማይክሮፎኖቹ ሄዱ።

ጠረጴዛዬ ላይ ባለችው ሬዲዮ ነው የሰማሁት። ዓረፍተ ነገሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። እንዲህ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። «ይተዉት ይሆን?» አልኩ። ሬዲዮዋን በሁለት እጄ ያዝኳት፤ የማቆማት ይመስል። ከዚያ አነበቡት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

በሚቀጥለው ዓመት በታችኛው ምድብ ስንጀምር ደጋፊው ሁሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዟት መጣ። ሰዓቱ ኳስ በነካ ቁጥር «ልብህስ? ልብህስ?» ይላል ሕዝቡ፤ በአንድ ድምፅ፣ እየሳቀ። እኔ በመስኮቴ ጀርባውን አያለሁ። መጀመሪያ ትከሻው ወረደ። ቀጥሎ ኳስ መጠየቅ ተወ። ኋላማ ኳስ እንዳይሰጡት ከተጋጣሚ ጀርባ መደበቅ ጀመረ። ተከላካይ ሲደበቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ።

አንድ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። በአንድ ጣት አጥንት፣ ሁለቴ። ኳ፣ ኳ።

«እትዬ፣ ደብዳቤ ይጽፉልኛል?»

«ለማን ልጄ?»

«ለጋሼ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው። እኔ ቃል አይሆንልኝም፤ እርስዎ ያውቁበታል።»

«ይቅርታ የምትጠይቀው ስለ ምኑ ነው?»

አፉን በእጁ ሸፈነ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። «ልቤን ስላልሰጠሁ» አለኝ። «ሰጥቼ መስሎኝ ነበር እኮ፣ እትዬ። ግን እሳቸው ካሉ...»

ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌ ላይ ነበረ። አልነገርኩትም። ጻፍኩለት። እሱንም አሳምሬ ጻፍኩት፤ እጄ ሌላ አያውቅማ። ፈረመ፤ አመሰገነኝ።

ደብዳቤውን ለጋሼ ሰጠሁ። አነበቡት፣ «መልሱን አንቺው ጻፊለት» ብለው መለሱልኝ። እስቲ ፍረዱ! የከሰስኩት እኔ። ይቅርታ የጠየቅኩለት እኔ። አሁን ደግሞ ማሪው የተባልኩት እኔ። እንዲህ ያለ ችሎት የት አገር አለ? ወረቀት አወጣሁ፤ «ውድ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። «ይቅር ብለንሃል» ልለው ነው? በምን አፌ?

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኳ፣ ኳ።

«መጣ እንዴ፣ እትዬ?»

«ገና ነው፣ ልጄ።»

አሥራ አንድ ጠዋት መጣ። ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ «ገና ነው» አልኩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ከሩብ ሆነ፣ ማንም አላንኳኳም። መልበሻ ክፍል ብሄድ ሣጥኑ ባዶ ነው። ማሊያው ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

እኔ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት፣ በየጠዋቱ። እረፍት ቀኔም ቤቴ ድረስ ይመጣል። ባለቤቴ «የጎረቤት መዶሻ ነው» ይለኛል። መዶሻ ጣት የለውም።

ጋሼ፣ አይነሱ፤ ይቀመጡ እባክዎ። ምን አሉ? «ተይው» ይላሉ። በዚያን ሰሞንም እንዲሁ አሉኝ፤ «ካነበብኩት የእኔ ነው፤ ስምሽ አይነሳም» ብለው ዘጠኝ ዓመት ሸሽገውኛል። ውለታዎን አልረሳም። ግን እውነቱን እንነጋገር። በማግስቱ ጋዜጦቹ «ደፋሩ ባለቤት» ሲሉዎ ደስ አልዎት። እኔ በዓረፍተ ነገሩ ደስ እንዳለኝ ሁሉ። ከዚያ ወዲያ ክፍሌ አልመጡም፤ በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሆነ። መጀመሪያ በረኛው፣ ቀጥሎ ሁለቱ አማካዮች፣ ባለፈው ወር ደግሞ እዚያ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን የሚያየው ልጅ። አንተ ልጅ፣ ቀና በል። የተባልከውን መጀመሪያ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የታችኛው መሳቢያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተከፈተም፤ አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለው፣ «ውድ» የሚል።

ትናንት ዕቃዬን ስሸክፍ አወጣሁትና ጨረስኩት። አጭር ነው። አላሳመርኩትም፤ እንዳያምር ብዬ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ላንብበው።

«ውድ ልጄ፤ የዚያን ቀን የተነበበውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነበር። ኳሷ አጠረችብህ፣ ይኸው ነው። ልብህን ስድስት ዓመት በመስኮቴ አይቼዋለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቀኸኝ ዋሽቼሃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ካልቻልክም አልፈርድብህም።»

ይኸው ነው። ጋሼ፣ ከስሜ በታች ለፊርማዎ ቦታ ትቻለሁ። ከፈለጉ። ዛሬ ግን አንብበው ነው።

የማሊያ ኃላፊያችን ልጁ ያለበትን ነግሮኛል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ቁልፍ ይቀርጻል አሉ፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ። ጀርባውን ካየሁት አልስተውም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የእጥበት ቤቷ እመቤቴ፣ ከግድግዳ ማዶ ሆነሽ ያሞቅሽኝ፣ ጉልበትሽ አይድከም። አሰልጣኛችን፣ ጎረቤት የማያማው ውጤት ይስጥዎ። ልጆቼ፣ ኳስ ያጥርባችኋል፤ የማያጥርበት የለም። ባጠረባችሁ ቀን ከአጠገባችሁ «ይደር» የሚል ሰው አይጥፋ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ክፍሌን ለሚረከባት ልጅም መሳቢያውን ያስለምዷት። ንዴታችሁ አድሮ ይነሳ፤ ምስጋናችሁ ግን አይደርባችሁ፣ በዕለቱ ይውጣ።

ማሊያውን እንደታጠፈ እወስደዋለሁ። ልልበስ አልልበስ የሚነግረኝ አንድ ሰው ነው፤ ፎቶውም እሱ ካለኝ በኋላ ይሁን።

በሉ ደህና ሁኑ። ነገ በማለዳ መነሳት አለብኝ። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በአንድ ጣት፣ ሁለቴ። ማርፈድ የለብኝም፤ እሱ አርፍዶብኝ አያውቅም።