የእትዬ ድንጋይና የጋሽ ተሳቢ ማርሽ

ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ ድምፄ አልቆ፣ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ቤት ስወርድ ነው የጎረቤቶቼን መኪና ከሆስፒታሉ በታች ቁልቁለቱ ላይ ቆማ ያገኘኋት። እትዬ በአንድ እጃቸው መኪናዋን ተደግፈው ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋሉ። የኩላሊት እጥበት ጨርሰው መውጣታቸው ነው፤ የክንዳቸው ፋሻ ገና አልተፈታም። በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ናቸው።

ባላቸው ጋሽ ተሳቢ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ከነተሳቢው የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ልጃቸው አውቶማቲክ መኪና ስትገዛላቸው፣ ጎማ ሥር ድንጋይ የመወተፉ የረዳትነት ሥራ ለሚስታቸው ደረሰ።

«ምነው ጋሼ?»

«ፍሬኑ ሸተተ። ትንሽ ይብረድ ብዬ ነው።»

«በዜሮ ነው የወረዱት?»

«ታዲያ በቁልቁለት ሞተር ላድክም? ኤን ላይ አድርጌ ለቀቅኳት።»

የማስተምረው አውቶ መካኒክ ነው። ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ እንዳለኝ ግን ማንም አልነገረኝም።

«ተሳቢውንም በዜሮ ነበር የሚያወርዱት?»

«አብጃለሁ እንዴ? በሁለተኛ ማርሽ ነው እንጂ!»

«ይቺንስ?»

«ይቺማ ፍሪሲዮን የላትም። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ምን ማርሽ አለው? ፊደል ነው ያለው።»

«ኤል የምትለዋ ፊደል ያቺው ከባድ ማርሽዎ ናት ጋሼ። ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርዳችኋል። ኤን ላይ ሲሆን ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።»

«እሺ እሱስ ይሁን። ለማቆሚያ ፒ የምትባለውን ግን አላምናትም። አንዲት ፊደል መኪና ትይዛለች?»

«አርባ አራት ኪሎ ነኝ» አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ፤ «እኔን ግን ያምነኛል።»

የተማረ ሰው እዚህ ላይ ያሸነፈ ይመስለዋል። እኔም መሰለኝ።

«አትሳቁብኝ» አሉ ጋሽ ተሳቢ። «ፍሬን ከድቶኝ ያውቃል። ድንጋይ ነው ያተረፈኝ።»

«አሁንም ከዳዎት እንበል። ጎማው መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው?»

ጋሽ ተሳቢ ከመስታወቱ ባሻገር ያጎነበሰውን ነጠላ አዩ።

«ነይ ግቢ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ወረደ። «አንተ፣ ንገረኝ እስቲ።»

«እግርዎን ፍሬን ላይ እንዳደረጉ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። አሁን ፒ። በቃ፣ እግርዎን ያንሱ።»

መኪናዋ ትንሽ ተንፈስ ብላ ቆመች። ድንጋዩን በጫማዬ ገፍቼ አወጣሁት፤ የተማረ ሰው አይጎነበስም። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ፍሬኑ ሲበርድ እኔም ገባሁና በኤል ወረድን። ሞተሩ አጉረመረመ። ጋሽ ተሳቢ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙና፣ «ይሄን ድምፅማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ምነው እስከ ዛሬ ዝም አላችሁኝ?»

«ማን ጠየቀን» አሉ እትዬ ከኋላ።

ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል፦ የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅም፣ መኪና ቁልቁል አታመልጥም፣ የደከማት ሴትም እስኪያወርዷት ቁጭ ትላለች።

በራቸው ላይ ስንደርስ ጋሽ ተሳቢ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ፒ ላይ አደረጉ፣ ዞረው የኋላውን በር ከፈቱ። እትዬን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አልቀሰቀሷቸውም።