ያን ውሻ አውጣልኝ

(ደብረ ብርሃን፤ የቤት እንስሳትን ፎቶ በኮምፒውተር እየሳለ ሸራ ላይ የሚያትመው የኢዩኤል ሱቅ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያዘዙትን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቆመዋል።)

ጥሩወርቅ፦ ይሄ መቻል ነው ትለኛለህ? ዓይኔን እያየህ?

ኢዩኤል፦ ምን ጎደለው እትዬ? ካባ አልብስልኝ አሉ፣ አለበስኩ። ጥልፉ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ጥሩወርቅ፦ ካባውስ ካባ ነው። ውስጡ ያለው ማነው?

ኢዩኤል፦ መቻል ነዋ! ሟች ባለቤትዎ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ጥሩወርቅ፦ ባሌ ሞተ? ለኔ ሳይነገረኝ?

ኢዩኤል፦ አልሞቱም እንዴ?

ጥሩወርቅ፦ የሞተው መቻል ነው! ውሻዬ! ዘጠኝ ዓመት ደጄን የጠበቀ፣ ባለፈው ወር በእጄ የቀበርኩት። ይሄማ ገረመው ነው፤ ጥሎኝ የሄደው ባሌ። እሱን ነው ካባ ደርበህ የሾምክልኝ?

ኢዩኤል፦ ቆይ እትዬ፣ የላኩልኝ ፎቶ ላይ ሰውም ውሻም ነበር። እኔ ደግሞ መቻል የሚባል አጎት አለኝ። በምን ልወቅ?

ጥሩወርቅ፦ ግድግዳህን እየው እስቲ! በግ በዘውድ፣ ድመት በጄኔራል ልብስ! እዚህ ቤት ባሌን ሳልልኝ ብዬ እመጣለሁ?

ኢዩኤል፦ ግራማ ገብቶኝ ነበር። ግን በድምፅ የላኩልኝን ደጋግሜ ሰማሁት። ቃል በቃል ልንገርዎት፦ «አንተ ልጅ፣ መቻልን ብቻ አስቀርልኝ። ታማኝ ነበር፣ ካባ ይገባዋል። ያን ውሻ ግን ከአጠገቡ ጠራርገህ አውጣልኝ፤ ጥላው እንኳ እንዳይታይ።»

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ውሻ ስል ውሻውን ማለቴ ነው?

ኢዩኤል፦ ውሻ ሲባል ሌላ ማንን ልጠርጥር?

ጥሩወርቅ፦ ባሌን ነዋ! ስድብ አታውቅም? እናትህ ሰው ሰድበው አያውቁም?

ኢዩኤል፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።

ጥሩወርቅ፦ ተረትህን ለራስህ! በል አሁን የመጀመሪያውን ፎቶ አውጣና እንደገና ጀምር።

ኢዩኤል፦ ችግሩ እሱ ላይ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ምኑ?

ኢዩኤል፦ ውሻውን ካጠፋሁ በኋላ እዚያው ፎቶ ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ። የድሮው የለም። እርስዎ ስልክ ላይ አይጠፋም መቼም።

ጥሩወርቅ፦ እንደላክሁልህ ከመልእክቱም ጭምር አጠፋሁት። የዚያን ሰው ፊት በቦርሳዬ ይዤ ልዙር?

ኢዩኤል፦ ሌላ የውሻው ፎቶስ?

ጥሩወርቅ፦ ከየት! ነገ አነሳዋለሁ፣ ነገ አነሳዋለሁ ስል ኖርኩ። ስልክ ባወጣሁ ቁጥር እጄን ሊልስ እየመጣ፣ ምኑን አንስቼው? ያቺ አንዲቷ ነበረች። ወይኔ መቻሌ! ደመ ከልብ ሆነህ ቀረህ!

ኢዩኤል፦ እንግዲህ ለውሻ ደመ ከልብ መሆን ያው...

ጥሩወርቅ፦ ትቀልዳለህ!

ኢዩኤል፦ ይቅርታ እትዬ፣ አፌ ነው። ግን ለውሻ መቻል ብሎ ስም ማውጣት ምን የሚሉት ነው?

ጥሩወርቅ፦ ገረመው እያመሸ ይገባል፣ እኔ ለሰው አልናገር። ደጅ ወጥቼ «መቻል! መቻል!» ስል ጎረቤቱ ውሻ የምጠራ ይመስለዋል። ለራሴ ነበር የምነግረው።

ኢዩኤል፦ ጋሼ አልገባቸውም?

ጥሩወርቅ፦ ገብቶት ቢሆን ዛሬ እዚህ እቆም ነበር? «አዳማ የሁለት ሳምንት ስልጠና አለብኝ» ብሎ እንደወጣ ይኸው ሦስት ዓመቱ። ፕሮፌሰር ሆኖ ሊመለስ ነው መሰለኝ! እኔ ተስፋ ቆርጬ በሩን ስዘጋ፣ መቻል ግን ማታ ማታ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

ኢዩኤል፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል።

ጥሩወርቅ፦ ያኛው ደግሞ የበላበትን ወጭት ሰብሮ ሄደ። የሰርጋችንን ፎቶ ከሳሎን አውርጄ ነው የመጣሁት፣ መቻልን ልሰቅልበት። አሁን ማንን ልስቀል? መልሼ ገረመውን፣ ያውም ካባ ጨምሬለት? ... ቆይ። ቆይ እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው።

ኢዩኤል፦ ምነው?

ጥሩወርቅ፦ ዓይኑን ምን አድርገኸው ነው?

ኢዩኤል፦ አልወደዱትም?

ጥሩወርቅ፦ ገረመው እንዲህ አያይም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን እንዲህ አላየኝም። እንዲህ ቢያየኝማ ሌላውን ሁሉ እችልለት ነበር።

ኢዩኤል፦ እውነቱን ልናገር? አይቆጡኝም?

ጥሩወርቅ፦ ከዚህ በላይ ምን ልቆጣ!

ኢዩኤል፦ ፎቶው ላይ ጋሼ የሚያዩት ወደ ጎን ነበር፤ ወደ አጥሩ ማዶ።

ጥሩወርቅ፦ ማዶ የማን በር እንዳለ አውቃለሁ። ቀጥል።

ኢዩኤል፦ እርስዎ ታማኝ ነበር ብለውኛል፤ ያ ዓይን ግን የታማኝ አልመስል አለኝ። ውሻውን ሳየው ቀጥ ብሎ ፎቶ አንሺውን ያያል፤ ልብ የሚበላ ዓይን። መጥፋቱ ካልቀረ ብዬ ዓይኑን ወሰድኩና ለጋሼ ሰጠኋቸው።

ጥሩወርቅ፦ ይሄ የመቻል ዓይን ነው?

ኢዩኤል፦ ሁለቱም። እኔ ቅንድብ ብቻ ነው የጨመርኩበት። ፎቶውን ያነሳው ማን ነበር?

ጥሩወርቅ፦ እኔ ነኛ! እኔ ነኝ ያነሳሁት... እኔን ነው የሚያየው። ወይ መቻሌ፣ ወይ የኔ ጌታ።

ኢዩኤል፦ አያልቅሱ እትዬ። ከፈለጉ እንዳለ ይውሰዱት። ጋሼም በዚህ ዓይን ደግ ሰው መስለዋል፤ እንግዳ ቢያይ ያምናል።

ጥሩወርቅ፦ እንግዳ ቢያምን ምን ይጠቅመኛል? ይልቅ ከዓይኑ ተነስተህ መቻልን መሥራት ትችላለህ ወይ?

ኢዩኤል፦ አጠገቤ ተቀምጠው መልኩን ከነገሩኝ እችላለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ወንበር ስጠኝ። ግራ ጆሮው ጫፉ የታጠፈ ነው። አፍንጫው ላይ ነጭ አለችው፤ ወተት ጠጥቶ ያልተጠረገ ይመስላል። ፊቱ ቡናማ ነው፣ አገጩ አካባቢ ሸብቷል። እንዳታስረጀው ደግሞ!

ኢዩኤል፦ መጀመሪያ ቦታውን ላጽዳ። ግን ሁለተኛ ጉድ እንዳንሆን በደንብ ይንገሩኝ። ዓይኑና ካባው ይቀራል፣ ያን ውሻ አወጣዋለሁ። አይደል?

ጥሩወርቅ፦ ውሻ አትበለው፤ አይገባውም። አቶ ገረመውን አውጣልኝ።