ነጭ ዝገት

ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ያረጁ መኪኖች የሚከማቹበትን ግቢ ሸፍኖታል። አንድ ሽማግሌ በሩን አልፎ ሲገባ በሕልሙ የሚራመድ መሰለው። ሙያው የአውቶቡስ አካል መሥራት ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ ባለመዶሻው ይሉታል። የሹፌሮች ማኅበር አምስት አዳዲስ አውቶቡሶች ሊያሠራ አስቦ፣ አካላቸው ከአሉሚኒየም ይሁን ወይስ ከፋይበር ግላስ የሚለውን ለእሱ ትቶለት ነበር። መልሱን ከቀትር በፊት ይጠብቃሉ። እሱ ፋይበር ሊል ቆርጧል። ማስረጃው ከሃያ ዓመት በፊት በገዛ እጁ የሠራው የአሉሚኒየም አውቶቡስ ነው፤ እዚሁ ሣር ውስጥ ተኝቷል። ከላሜራው ቆርጦ ሊያሳያቸው ነበር የመጣው።

ያ አውቶቡስ በሁለት ዓመት ውስጥ ተበሳስቶ ስሙን አጥፍቶበታል። ላሜራውን የሸጠለት የእህቱ ባል ነበርና፣ «አመድ ሸጥክልኝ» ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም።

ወደ አውቶቡሱ ሲገባ አንዲት ወጣት ቱታ ለብሳ ተንበርክካ ብሎን ትፈታለች። ቀና ስትል የእህቱ ልጅ ናት። ስለ ብረት ተምራ ከግቢው ጀርባ ካለው ማቅለጫ ሥራ መያዟን በወሬ ሰምቶ ነበር።

«ጋሼ! እንደምን አደሩ?»

«ደኅና። እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ባይጠይቁኝም አባዬም ደኅና ናቸው።»

ባለመዶሻው ለምን እንደመጣ አልደበቃትም፤ አሉሚኒየም ለአውቶቡስ እንደማይሆን፣ ይህም አውቶቡስ በዓይኗ እንደምታየው ይህን ያህል መበሳሳቱን ዘርዝሮ ነገራት። ብዙ የተማረ ሰው መልሱን ለማውጣት ስለሚቸኩል የሌላውን ነገር አይሰማም። እሷ ግን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እስኪ ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ቀዳዳዎቹ የት የት እንዳሉ ይዩልኝ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ መበሳቱን እንጂ የት እንደተበሳ አስቦ አያውቅም። አሁን ቀና ብሎ አየ። ጉሙን ሰንጥቆ የገባው ብርሃን በቀጥታ መስመር እየሾለከ፣ የአንድ ትልቅ ዓሣ የጎድን አጥንት መስሎ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። መስመሮቹ እሱ ራሱ የበየዳቸውን የብረት ማገሮች ተከትለው ይሄዳሉ። በማገሮቹ ዳር ሁሉ ነጭ ዱቄት፣ የአሉሚኒየሙ ዝገት፣ ተጋግሯል። በመካከል ያለውን ላሜራ በአውራ ጣቱ ሲፈትገው ግን አበራ።

«ላሜራው የማይረባ ቢሆን ኖሮ የትም ይበላ ነበር» አለች ልጅቱ። «የተበላው ግን ከብረቱ ጋር በተነካካበት ብቻ ነው። ሁለቱ ተነካክተው ጨዋማ እርጥበት ሲገባባቸው እንደ ባትሪ ይሆናሉ። አሉሚኒየሙ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«በመካከላቸው ጎማ ማስገባት ብቻ።»

ባለመዶሻው ከአውቶቡሱ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። የእህቱ ባል ላሜራውን ባስረከበው ቀን «ጎማ አግባበት» ብሎት ነበር። እሱም «አንተ ሽጥ፤ መሥራቱን ለእኔ ተወው» ብሎ ስቆበታል። ልጅቱ ይህን ትወቅ አትወቅ አልጠየቃትም። እሷም ወደ ብሎኗ ጎንበስ አለች፤ ከጨዋነት መሆኑ ገባው።

ቢሆንም በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ፋይበሩ ከናካቴው ስለማይዝግ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቃት። ከግቢው ጀርባ ወስዳ አንድ ኮረብታ አሳየችው። ሣር የበቀለበት ኮረብታ ሁለመናው የተሰባበረ ፋይበር ነው።

«እውነትዎን ነው፣ አይዝግም። ግን የተሠራበት የመስታወት ክርና ሙጫ አንድ ላይ ደርቀው ስለቀሩ እዚህ የሚለያቸው የለም። ከጡረታ በኋላ ሥራው እዚህ መጋደም ነው።»

ከዚያ ወደ ማቅለጫው አስገባችው። የአሮጌ መኪና የአሉሚኒየም በሮች በምድጃው ውስጥ ቀልጠው እንደ ጨረቃ ብርሃን ይፈሳሉ። አሉሚኒየምን ከአፈሩ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል፣ መልሶ ለማቅለጥ ከሃያ እጅ አንዱ እንደሚበቃ ነገረችው። ባለመዶሻው ብዙ ቆሞ አየ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ። «አሉሚኒየም ሲጋጭ ይሰነጠቃል። እንደ ብረት ቀጥቅጠሽ አትመልሽውም።»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ መዶሻ ጨብጬ አላውቅም።»

ይህ ደስ አለው። እያሰበ፣ ላሜራውን አነስ አነስ አድርጎ በብሎን ማሰር እንደሚሻል ተናገረ፤ የተጎዳው ብቻ ይፈታል፣ ሌላው አይነካም። ልጅቱ ፈገግ ብላ፣ በሙጫ ካልተጣበቀ መኪናው ሲያረጅም አሉሚኒየሙንና ብረቱን ለየብቻ ማቅለጥ ቀላል እንደሚሆን ጨመረችለት።

ባለመዶሻው እዚያው ቆሞ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ደወለ። አሉሚኒየም እንዲሆን፣ በየመገናኛው ጎማ እንዲገባ፣ ሁሉም ነገር እንዲፈታ ሆኖ እንዲታሰር አስረዳ። አውቶቡሱ ቀላል ስለሚሆን ነዳጅ ይቆጥባል፤ ከባሕሩ አየር ጋር ዘመኑን ይኖራል፤ ሲያረጅም ሌላ አውቶቡስ ይሆናል እንጂ ኮረብታ አይሆንም። ሊቀ መንበሩ ላሜራው ከማን እንደሚገዛ ጠየቀው።

«ቆይ» አለ ባለመዶሻው፣ «መጀመሪያ የማነጋግረው ሰው አለ።»

ጉሙን እየቀዘፈ በእግሩ ሄደ። የእህቱን ባል በር ሲያንኳኳ ሰውዬው ራሱ ከፈተ። ሸብቷል። 

«ላሜራህ ደኅና ነበር» አለ ባለመዶሻው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያኔ እንዳዋረድኩህ ሁሉ በሰው ፊትም ይህንኑ እናገራለሁ።»

የእህቱ ባል በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግባ እንጂ» አለ፣ «ጉሙ እኮ ቤቱን ሞላው።»