ጠጄን ሊቀምስ የመጣው ኮሚቴ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጄ፣ ጠጅ ለመጣል ማርና ጌሾ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ንቃተ ህሊናም ያስፈልጋል! አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። በደርግ ጊዜ እዚሁ መቱ ጠጅ ቤት ነበረኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማበላው በዚያው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጡና «ፈቃድ የለሽም» ብለው በሬን አሸጉት። በቃ፣ አሸጉት! እና እነዚያን ልጆች ምን ላብላቸው?

ታዲያ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበራችን ጓድ ታፈሰ ይባላል። መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ በንድፈ ሐሳብ ነው የሚያውቀው። «ጓድ በላይነሽ!» አለኝ፣ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ፣ «መጠጥ የሰፊው ሕዝብ ጠላት ነው!»

«እሺ ጓድ፣ ታዲያ ጨርሼ ልተወው?»

«አላልኩም! ኮሚቴ ይቀምሰዋል። የሚያሰክር ከሆነ ፈቃድ የለም።»

ሰማህ? የማያሰክር ጠጅ! የማያቃጥል እሳት አምጪ አለማለቱ ተመስገን ነው።

ኮሚቴው እሱ ነው፣ የሴቶች ማኅበሯ አስካለ ናት፣ ደግሞ ጋሽ ሁሴን አሉበት። ጋሽ ሁሴን ከጅማ የመጡ ባለሱቅ፣ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ሙስሊም፣ መጠጥ በደጃቸው አያልፍም። እና ለጠጅ ቀማሽነት መረጧቸው! ምን ታደርገዋለህ።

እኛ አገር መቼም ድግስ ሲኖር ለሙስሊም እንግዳ ብርዝ ለብቻ ይበጠበጣል፤ ማርና ውሃ፣ ጌሾ የሌለበት። ለጋሽ ሁሴን ብዬ አንድ እንስራ በጠበጥኩ። ታዲያ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ለሁሉም ከዚሁ ብቀዳስ አልኩ። ማር በውሃ ማንን ያሰክራል? ለጋሽ ሁሴን ብቻ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ የሚቀዳው በሙሉ ብርዝ ነው፣ አይስጉ» አልኳቸው።

መጡ። በብርሌ ቀዳሁ። ጓድ ታፈሰ አንዱን ጨለጠና «እህህ!» አለ። ደገመ፣ ኮሌታውን ፈታ። ሲሠልስ «ጓዶች፣ ቤ... ቤቱ ዞረብኝ!» አስካለ አየችው፣ እሷም መወዛወዝ ጀመረች። ሊቀመንበር ሰክሮ አባል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል እንዴ? ዲሲፕሊን ነዋ! እሱ እቴ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «እናቴ ናፈቀችኝ» ብሎ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠረገና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ መርዝ ነው! ለአብዮቱ አደገኛ ነው! ፈቃድ ተከልክሏል!»

ብርዝ ነው ብል ኮሚቴ አታለልሽ ተብዬ ልታሰር ነው፣ ዝም ብል ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው።

ታዲያ ጋሽ ሁሴን ብርሌያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። «ማል ጄቱ? ምን እያሉ ነው ጓድ ሊቀመንበር? እኔም እኮ ከዚሁ እንስራ ጠጥቻለሁ። ሰክሬያለሁ?»

«እ... አልሰከሩም።»

«መጠጥ ከሆነ እኔ ዛሬ ከአላህ ተጣልቻለሁ። ብርዝ ከሆነ ደግሞ እርስዎ...» አሉና ተዉት።

አስካለ ወዲያው ቀጥ አለች። ጓድ ታፈሰ ኮሌታውን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ኮሚቴው የመጠጡን ተስማሚነት አረጋግጧል» አለና ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«ከዚያስ እትዬ? እውነተኛውን ጠጅ ሳይቀምስ ቀረ?»

ሊቀር! በሬ በተከፈተ ማግስት ማንም አልቀደመው! ዋናውን ቀዳሁለት፣ ከእኛው ከኖፓ ወረዳ በመጣ ማር የተጣለውን። «ጓድ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይሄ ጠጅ ነው» እለዋለሁ፣ «አሁንስ አታታልዪኝም! ብርዝሽን አውቀዋለሁ! ድገሚ!» ይለኛል። እኔስ መንግሥትን እምቢ ልበል? ደገምኩለት። በዚያ በመቱ ዝናብ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሲገኝ ተሸክመው ቤቱ ያደረሱት ማን ይመስሉሃል? ጋሽ ሁሴን! በደጄ ሲያልፉ እያለከለኩ ምን አሉኝ መሰለህ፣ «በላይነሽ፣ ኧረ ይሄ ኮሚቴ ከበደኝ!» ሃሃሃ!