ምንም አልተገኘም የሚል ቃለ ጉባኤ

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ጋሽ ሸዋንግዛው ከፊዚክስ መምህሩ ከሙሴ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ሙሴ ሁለት የፊት መስታወትና አንድ የመስኮት መስታወት ቁራጭ ታቅፏል።

«ምነው መምህር፣ ሙሽራ ልታስገባ ነው እንዴ?»

«ለተማሪዎቼ ነው ጋሼ። ብርሃን ለሁለት ተከፍሎ የሚሄድበትን መንገድ ላሳያቸው ብዬ ነው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ኖረዋል፤ ለጃንሆይም ለደርግም በዚያው በቆንጆ እጃቸው ጽፈዋል። ያልገባቸውን ነገር ጽፈው እንጂ ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን ግን ጠየቁ።

«ድሮ ሊቃውንቱ» አለ ሙሴ፣ «ሕዋውን ሁሉ ኤተር የሚባል የማይታይ ነገር ሞልቶታል፣ ብርሃንም የሚጓዘው በእሱ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። እንግዲያ ምድር በውስጡ ስትሮጥ፣ ጭነት መኪና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነፋስ ሊመታን ነው። አንዱ ሊቅ ይህን ነፋስ ፍለጋ ብርሃኑን ለሁለት ከፈለ፤ አንዱን ወደ ነፋሱ፣ ሌላውን አግድም ሰደደና በመስታወት መልሶ አገናኛቸው። ሲገናኙ ብሩህና ጥቁር መስመር ይሠራሉ። መሣሪያውን ሲያዞረው መስመሮቹ ፈቀቅ ማለት ነበረባቸው።»

«አሉ?»

«አላሉም።»

«ከዚያስ?»

«ነፋሱን አላገኘሁትም ብሎ ጻፈ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ከልባቸው ሳቁ። «ታዲያ ይኼ ምኑ ይጻፋል? እኛ ባለፈው ወር የወይዘሮ አስካለን ቤት ፈተሽን። ፍራሽ ቀደድን፣ ኮርኒስ አወረድን፤ ምንም! ሊቀመንበሩ ‹በከንቱ ነው እንዴ የደከምነው?› አለ። በራሪ ወረቀት ተገኘ ብዬ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤ ባዶ አይሆንማ!»

«ልጃቸውስ?»

«ወሰዱታ።»

«ጋሼ፣ ያ ሊቅ ነፋሱ እንዲገኝለት ከሊቀመንበሩ የበለጠ ይመኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንዷን መስመር በፀጉር ያህል ቢገፋት ማን ያውቅበታል? ግን እሱን አምኖ ስንቱ በጠፋ ነበር! ያየውን ለሚጽፍ ሰው፣ አልተገኘም ማለትም ግኝት ነው።»

«ለእሱማ ይቀለዋል። ሊቀመንበር ራስጌው አልቆመበት።»

«እውነት ነው፣ አልቆመበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጁን የወሰደው ሊቀመንበሩ ነው፤ የሚወስድበትን ወረቀት የሰጠው ማን ነው?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ደህና ዋልም ሳይሉ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሐሙስ ዕለት የተፈተሸው የሙሴ ቤት ሆነ፤ መስታወት ማብዛቱ ተጠቁሞበት ነበር። ሊቀመንበሩ አንዱን መስታወት አንሥቶ ፊቱን አየበትና፣ «ይጻፉ ጓድ ሸዋንግዛው። ከሐይቁ ማዶ ላሉ ፀረ ሕዝቦች ምልክት ማስተላለፊያ» አለ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጻፉ፦ «ሁለት የፊት መስታወት፤ አንድ የመስኮት መስታወት ቁራጭ። ሌላ ምንም አልተገኘም።» ፈረሙበትም።

«ይኼ ምንድነው?»

«ያየሁት ነው ጓድ።»

መዝገቡ ገጹ የተቆጠረ ስለነበር ሊቀመንበሩ ቀዶ ሊጥለው አልቻለም። በነጋታው በሌላ ጸሐፊ ሌላ ቃለ ጉባኤ አጻፈና ሙሴን አሳሰረው።

እንግዲህ ያየነውን ብቻ የመጻፍ ጥቅሙ ይህ ነው፦ ሁለት ቃለ ጉባኤ ያለው እስረኛ ነገሩ እስኪጣራ ይቆያል። የሙሴ ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ሰባት ወር ዞሮ፣ የሚያጣራው ሲሰለች ተፈታ። አብረውት ከታሰሩት መካከል አንድ አንድ ቃለ ጉባኤ ብቻ የነበራቸው ግን በሳምንቱ ተጣራላቸው፤ አልተመለሱም።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከሥራቸው ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ዳር ማመልከቻ ይጽፋሉ። ባለጉዳይ መጥቶ «ጋሼ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉበት» ሲላቸው፣ ብዕራቸውን አንሥተው «አይተኸዋል?» ይሉታል። አብዛኛው ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ጸሐፊ ይሄዳል።