ከፍታውን አይቶ ዳገቱን የዘነጋ ፍርድ

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዱራሜ ልሄድ ሆሳዕና መናኸሪያ ስደርስ፣ የሁለት ሚኒባሶች ባለቤት አቶ ተክለጊዮርጊስ የሹፌራቸውን የዳኘን ቁልፍ ሲቀሙት አገኘኋቸው። እኔ ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ የተጣመመ ፍርድ ደሜን ያፈላዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከዱራሜ ሲነሱ፣ ወይዘሮ ሀቢባ የሚባሉ እናት ገና ሳይቀመጡ መኪናው ተፈትልኮ ጣላቸው፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ሁለቱም ሚኒባሶች ነጭ ናቸውና የትኛው እንደሆነ አልለዩም፤ ሹፌሩንም አላዩም።

«ይኸው መምህር፣ ጂፒኤስ አይዋሽም!» አሉኝ አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ ስልካቸውን ደቅነው። «ወደ ጎን ሰከንዱ፣ ወደ ላይ ፍጥነቱ ነው። የዳኘ መስመር ሰማንያ ደርሷል፤ የሌላዋ መኪና አነሳስ አርባ ላይ ቆሟል። ታዲያ ሴትዮዋን የጣለው ማን ሊሆን ነው?»

«ጋሼ፣ የልጆች አባት ነኝ፣ አያባርሩኝ፤ እኔ እንደዚያ አልነሳም» አለ ዳኘ።

ከአቶ ተክለጊዮርጊስ ጎን የቆመችው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሶስና ስልኩን ተቀብላ አየችው።

«አባዬ፣ ሰው የሚጥለው የፍጥነቱ መጠን አይደለም፤ አጨማመሩ ነው።»

«ሰማንያ ከአርባ አይበልጥም ልትይኝ ነው?»

«ይበልጣል። ግን ዳኘ ሰማንያ ለመድረስ አርባ ሰከንድ ፈጅቶበታል፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሁለት ብቻ ነው የጨመረው። ያኛው አርባን በአምስት ሰከንድ ነው የያዘው፤ በየሰከንዱ በስምንት! የዳኘ መስመር ረጅም ነው፣ ዳገቱ ግን ለስላሳ ነው። ያኛው አጭር ነው፣ ግን እንደ ግድግዳ የቆመ።»

«እናንተ ደግሞ በወረቀት ላይ መኪና ትነዳላችሁ!»

አላስቻለኝም። «አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ በሰማንያ የሚሄድ መኪና ላይ እርስዎም ያንቀላፋሉ! የሚጥለው አነሳሱ ነው። ከፍታውን አይተው ዳገቱን ሳያዩ የሰው የእንጀራ ገመድ ይበጥሳሉ? ነውር ነው!»

ሶስና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ ሐሙስ ሌላዋን መኪና የነዳት ማን ነበር?»

አቶ ተክለጊዮርጊስ መስመሩን ደጋግመው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጩኸት ሰምቼ ነበር» አሉ። «ወንበር የተሻሙ መስሎኝ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።»

ስንቱ ንጹሕ ሰው ነው እንዲህ ባለ አላዋቂነት ከሥራው የተባረረው! ያን ዳገት ማንበብ የሚያውቅ ባለመኪና ጥፋተኛውን ይለያል፣ ተሳፋሪውን በሰላም ያደርሳል፣ ነዳጁም ጎማውም ይተርፍለታል። ትምህርቱ ከገዛ ቤታቸው መውጣቱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ ልጅቷን አንድ ቀን ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ!

ለዳኘ ቁልፉን መለሱለት። ቀጥለው ራሳቸው የሚነዷትን መኪና ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለሶስና ሰጧት።

«ሹፌር እስካገኝ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አሏትና የዳኘ መኪና ውስጥ ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ዱራሜ፣ ወይዘሮ ሀቢባ ቤት አድርሰኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ዳኘ ሁላችንም እስክንቀመጥ በመስታወቱ እያየ ጠበቀ። መነሳታችንን ያወቅሁት መናኸሪያው ከኋላችን ሲቀር ነው።