የጣዎሱ ቆርቆሮ ቤት

አቶ ወልደሥላሴ የታመመውን ጣዎስ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠዋል። የወፉ ረጅም ጅራት በበሩ በኩል ወጥቶ በነፋሱ ይወዛወዛል፤ መንገደኛው ሁሉ እየዞረ ያያል። በሌላ ቀን ቢሆን አንገታቸውን ቀና አድርገው ለሁሉም ሰላምታ በሰጡ ነበር። ዛሬ ግን ጭንቀት ይዟቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ጠዋት የወፉን የተከደነ ዓይን አይተው፣ "ይህም ከሞተ እኔ እዚህ ምን እጠብቃለሁ? ደብረ ማርቆስ እህቴ ጋ እሄዳለሁ" ብለው ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተዋል። ጽጌ ለማስፈራራት ያህል የሚናገሩ ሴት አይደሉም።

ጣዎሶቹ ሁለት ናቸው። ወንዱንና ሴቷን ከአምስት ወር በፊት የሰጧቸው፣ የእንግዳ ማረፊያውን ዘግቶ ከጋምቤላ የለቀቀ ወዳጃቸው ነው። ልጆቻቸው በየሥራቸው ከተበተኑ ወዲህ ጭር ብሎ የነበረው ግቢ በወፉ ጩኸት ነፍስ ዘርቶ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ በቆሎ በእጃቸው ያበሉታል፤ ጅራቱን ዘርግቶ ሲሽከረከር ሥራቸውን ጥለው ያዩታል። ሴቷም አራት እንቁላል ጥላ ማንጎው ሥር ታቅፋለች።

የባሮን ወንዝ ድልድይ ሲሻገሩ ባጃጁ ሌላ ተሳፋሪ ለመጫን ቆመ። የገባችው ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት።

"ቲቸር?" አለች።

አቶ ወልደሥላሴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ስላስተማሩ፣ በከተማው ቲቸር የማይላቸው ጥቂት ሰው ነው። ይህችን ግን ወዲያው አወቋት፤ የአናጺው የአቶ ኦቻንግ ልጅ አቻን ናት። በክፍል ውስጥ ጥያቄ የምታበዛ፣ መልሱ ካልጣማት ደግሞ ፊቷ የሚለዋወጥ ተማሪ ነበረች። አሁን አቦቦ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና እንደምትሠራና ለሰንበት ወላጆቿ ጋ እንደመጣች ነገረቻቸው። ይህን ስትናገር ዓይኗ ወፉ ላይ ነበር። ነጠላውን ገለጥ አደረገች፤ ከዚያ ሱሪያቸው ላይ የፈሰሰውን እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ኩስ አየች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያስቀምጠው?"

"አራተኛ ቀኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ሰጠሁት፣ አልሆነም። አሁን ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ልገዛለት ነው።"

"ማን አዘዘልዎት?"

"ሰው ሁሉ ለዶሮው የሚሰጠው እሱን አይደል እንዴ?"

ይህ "ሰው ሁሉ" የሚባለው በአገራችን ፈቃድ ሳይኖረው እጅግ ብዙ በሽተኛ የሚያክም ሐኪም ነው። በሽተኛውን ሳያይ ያዛል፤ ሲሞትበትም አይጠየቅም። አቻንም ይህን ሐኪም አቦቦ ውስጥ በየቤቱ ስታገኘው ስለምትኖር ደሟ ፈላ። ሆኖም አስተማሪዋ ናቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰው ካፕሱል ለዚህ በሽታ እንደማይሆን፣ ወፉንም መንገድ ላይ ማንገላታቱ እንደሚጎዳው አስረዳቻቸው። ሹፌሩንም ወደ መጣበት እንዲመለስ ጠየቀችው። አቶ ወልደሥላሴ ትናንት የፈተና ወረቀቷን ያረሙላት ልጅ ስላዘዘቻቸው ቅር አላቸው፤ ወፉ ግን ጭናቸው ላይ እየቀዘቀዘ ስለሄደባቸው ሹፌሩን በእጃቸው ተመለስ አሉት።

ግቢ ሲደርሱ አቻን መጀመሪያ መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥታ በውኃ በጥብጣ በወፉ አፍ ጠብ ጠብ አደረገችለት። በረንዳው ጥላ ሥር ካስተኙት በኋላ የሚያድርበትን ቤት ለማየት ጠየቀች። ይህን ጊዜ አቶ ወልደሥላሴ ትንሽ ነቃ አሉ፤ ቤቱ ኩራታቸው ነውና። ግድግዳውም ክዳኑም አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ በሩ በቁልፍ ይዘጋል፤ ውስጡ ወንዱ ጣዎስና አሥራ ሁለት ዶሮዎች አንድ ላይ ያድራሉ፤ ሴቷም መታቀፍ እስክትጀምር ድረስ አብራቸው ታድር ነበር። ከዶሮ ጋር ካላደረ ግቢውን አይለምድም ብለው ነው ያደባለቋቸው። ሌባ እንዳይገባባቸውም ቀትር ላይ እርሳቸው ሲያርፉ ይዘጉባቸዋል።

አቻን አንገቷን አስገብታ አየችና ወጣች።

"ቲቸር፣ ይህ ምጣድ ነው" አለች።

"ቆርቆሮ ነው እንጂ! ለዶሮ የማይሠራውን ነው የሠራሁለት። ጣዎስ እኮ የክብር ወፍ ነው፤ አባቶቻችን በብራና ወንጌል ላይ የሳሉት። ታዲያ በሳር ጎጆ ላሳድረው ነው?"

"ጌታችን ራሱ የተወለደው በግርግም ነው፣ ቲቸር። ወፉ ክብር አልጠየቀዎትም፤ አየር ነው የጠየቀዎት።"

ወይዘሮ ጽጌ በረንዳው ላይ ሆነው ሳቃቸውን ዋጡ። አቶ ወልደሥላሴ ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት በዚህ አገር ሙቀት ውስጥ ቆርቆሮ ቤት እንደኖሩና እንዳልሞቱ፣ የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ከበሽታ ጋር ማያያዝ እንደሚወዱ ተናገሩ። አቻንም ትዕግሥቷ አለቀ።

"እንግዲያው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ውስጡ ይቀመጡ" አለች። "እኔን ስረብሽ አርባ ደቂቃ ጥግ አስቀምጠውኛል። እርስዎም በሩን ዘግተው ይቀመጡና ቤቱ ደኅና ነው ካሉኝ፣ ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ሲበቃዎት ያንኳኩ።"

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው። አቶ ወልደሥላሴ በርጩማ ይዘው ገቡ። ኩሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የመታቸው የኩሱ ሽታ ነበር፤ ዓይናቸውን ቆነጠጠው። ቀጥሎ ሙቀቱ ከላይም ከጎንም መጣባቸው። ግድግዳውን ሲደገፉ በሸሚዛቸው አልፎ ለበለባቸው፤ ተነሡ። መነጽራቸው በላብ ተሸፈነ። ያ ወፍ ያንን ሁሉ ጅራት ይዞ በዚህ ውስጥ ቆሞ ምንቃሩን ከፍቶ ሲያለከልክ ታያቸው። ሲያለከልክ አይተውት ነበር እኮ፤ ዘፈን የሚለማመድ መስሏቸው ለጽጌ ነግረው ተሳስቀዋል። ይህን ሲያስቡ ከሙቀቱ ይልቅ ኀፍረቱ አቃጠላቸው።

በሰባተኛው ደቂቃ በሩን አንኳኩ።

አቻን ውኃ ሰጠቻቸው፤ አልሳቀችባቸውም። ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ "ዘጠነኛ ክፍል ምን ነበር ያስተማሩን?" አለች። "ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል። የደጋ ቤት ለብርድ፣ የቆላ ቤት ለሙቀት ይሠራል። ሥዕሉን እንኳ ሰሌዳ ላይ የሳሉት እርስዎ ነዎት። ታዲያ የደብረ ማርቆስን የደጋ ቤት ባሮ ዳር አምጥተው ለምን ተከሉት? ያውም በሽታውን ከሰጡት ዶሮዎች ጋር!"

አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የብዙ የተማረ ሰው ችግር ይኸው ነው፤ ዕውቀቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ተጠርጎ ይቀራል እንጂ የግቢውን በር አልፎ አይገባም። ለሰው ያስተማረውን በራሱ ጓሮ ይሽረዋል፤ ከዚያም ዕድሉን ይረግማል።

ሆኖም አንድ ነገር አልዋጥላቸው አለ። "ሙቀቱ እሺ። በሽታው ግን እንዴት ከዶሮዎቹ መጣ ትያለሽ? አንዷም አላመማትም።"

"አደጋው እዚያ ላይ ነው" አለች አቻን። ዶሮ ትሉን በሆዷ ተሸክማ ሳትታመም ትኖራለች፤ በኩሷ ግን ከነእንቁላሉ መሬት ላይ ትጥለዋለች። ጣዎስ ያንን መሬት ሲለቅም በትሉ ውስጥ ያለው በሽታ ጉበቱን ይበላዋል። ጤነኛ መስላ የምትታየው ዶሮ ናት የምትገድለው። "አሁን የምታቅፋቸው አራት እንቁላሎች ቢፈለፈሉ ጫጩቶቹ የሚረግጡት ያንኑ መሬት ነው። እነሱ ደግሞ እንደ አባታቸው አራት ቀን አይቆዩም።"

ወይዘሮ ጽጌ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ልጄ፣ እንዴት ይደረግ? ንገሪን። እኚህ ሰውዬ እንቢ ቢሉ እኔ እሠራዋለሁ።"

"እንቢ ያለ ሰው አለ?" አሉ አቶ ወልደሥላሴ ቀስ ብለው።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ያስጠራቻቸው አቶ ኦቻንግ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። በቆሎ ከእርጥበትና ከአይጥ ለማዳን ከመሬት ከፍ አድርገው በእንጨት እግር ላይ የሚሠሩትን ጎተራ አቻን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ የጫጩቶቹ ማደሪያም በዚያው መንገድ እንዲሠራ አሳሰበች። አባቷ የቆርቆሮውን ቤት ዞረው አዩና፣ "ቲቸር፣ እኔ ቤት ሠራሁ ብዙ። ለወፍ የእሳት ቤት ግን ዛሬ አየሁ" አሉ። አቶ ወልደሥላሴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰደቡ ሳቁ።

በሁለት ቀን ሥራ ክዳኑ ወፍራም ሳር ሆነ፤ ጎኑ ነፋስ የሚያስገባ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት። ሸለምጥማጥ ሥሩን ምሶ እንዳይገባ ሽቦውን አንድ ክንድ ያህል ከመሬት በታች ቀበሩት። ቆጡ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቀለ፤ ጣዎስ ከፍ ብሎ ካላደረ አይረጋጋምና። የቤቱንም ወርድ አቻን ራሷ በጅራቱ ለካችው፤ ዞሮ ሲቆም ላባው ግድግዳ መንካት የለበትም። ከሥሩ ንጹሕ የባሮ አሸዋ ተነጠፈ። ለእናትየውና ለሚመጡት ጫጩቶች መሬት የማይነካ ከፍ ያለ ክፍል በአንድ ጎኑ ተለየላቸው። ዶሮዎቹ የራሳቸው ሳር ክዳን ቤት በግቢው ሌላ ጫፍ ተሠራላቸው፤ የትል መድኃኒትም ተሰጣቸው። ሁለቱን ወገን አንድ ሰው በአንድ ጫማ እንዳያገለግል፣ ውኃ መጠጫቸውም እንዳይቀላቀል አቻን ደጋግማ አስጠነቀቀች።

ወፉ ግን ገና አልተነሣም። "ሰኞን ካለፈ ይተርፋል" ብላ ነበር አቻን ቅዳሜ ማታ። እሑድ ጥቂት ውኃ ጠጣ። ሰኞ አዲሱ ቤቱ ውስጥ ዓይኑን ገለጠ፤ በቆሎውን ግን አልነካም። ወይዘሮ ጽጌ ሻንጣውን አልከፈቱም፣ ወደ አልጋው ሥርም አልመለሱትም፤ በር አጠገብ እንደቆመ ነው። አቶ ወልደሥላሴ በገቡ በወጡ ቁጥር እግራቸውን ይመታቸዋል፤ ከዚያ አንሡት ለማለት ግን አልደፈሩም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ያ ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ፣ ጎረቤት ሲያማርርበት የኖረ ጩኸት ተሰማ። አቶ ወልደሥላሴ በባዶ እግራቸው ወጡ። ጣዎሱ ቆጡ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ሰግጎ እንደገና ጮኸ። ወይዘሮ ጽጌ ከኋላቸው መጥተው ክንዳቸውን ያዙ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ድምፅ፣ "ተመስገን፣ ዳነ ማለት ነው" ሲል ሰሙ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአራቱ እንቁላሎች ሦስቱ ተፈለፈሉ። አቻን ከአቦቦ ስትመጣ ቲቸሯን በር ላይ ጫማ ሲቀይሩ አገኘቻቸው። ሦስት ሰዎችን ይዘው እያስጎበኙ ነበር፤ ስለ ሳር ክዳን፣ ስለ ትል፣ ስለ ሽቦው ጥልቀት እንደ ክፍል ውስጥ እየጠየቁ ያስመልሷቸዋል። ዶሮዎቻቸው እንኳ ቤታቸው ከቀዘቀዘላቸው ወዲህ እንቁላል እንዳበዙ ነገሯት፤ ሙቀትም ኩስም የሌለበት ቤት ለወፍ ከመድኃኒት እንደሚቀድም አስረዷት፤ ያስተማረቻቸው እሷ መሆኗን ግን ረስተውታል። እሷም አላስታወሰቻቸውም። የተማሪ ትዕግሥት አንዳንዴ እዚህ ድረስ ይደርሳል።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ ወልደሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አባትሽ መቼ ነው ሥራ የሌላቸው?" አሉ።

"ለምን ነው፣ ቲቸር?"

"እኔና ጽጌ ቀትር ላይ ከጣዎሶቹ ቤት ጥላ ሥር ነው የምናርፈው። በረንዳችን ላይም እንዲያው ሳር ቢያለብሱልን ብዬ ነው።"

"እሠራለሁ ብለዋል፤ ጠይቄያቸዋለሁ" አሉ ወይዘሮ ጽጌ ከውስጥ። ቀጥለውም፣ "አቻንዬ፣ ነይ ግቢ፣ እዚያ ሻንጣው ላይ ተቀመጪ" አሏት።

ሻንጣው በር አጠገብ እንዳለ ነው። አሁን ግን ላዩ ላይ ትራስ አለበት፤ በመስኮቱ በኩል ቆጡ ፊት ለፊት ስለሚታይ፣ ወይዘሮ ጽጌ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው።